ከመለኪያው በፊት ግምትህን ተናገር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ከ250 ሲሲ ወደ 1000 ሲሲ ሞተር ሳይክል ከተሸጋገርክ ሁለት ወርህ ነው፤ «መቶ ላይ ያለሁ መስሎኝ ዓይኔን ወደ መለኪያው ጣል ሳደርግ 150 ሆኖ አገኘዋለሁ። ችግሩ የእኔ ብቻ ነው? ስለምደው ይስተካከላል ወይስ ልሽጠው?» ብለሃል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ የሁላችንም ችግር ነው። ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል። ስትለምደው አይስተካከልም፣ ይብስበታል። ዛሬ ያስደነገጠህ 150 ከስድስት ወር በኋላ አያስደነግጥህም። ስለ መሸጡ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ይህን የምልህ ከአንተ ይልቅ ጠንቃቃ ስለሆንኩ አይደለም። ትልልቅ ሞተር ሳይክሎችን መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በችሎታው ነው ያለፋቸው የሚል ሰው ቢነሳ፣ ተቃውሞ የሚመሰክርበት የመጀመሪያው ሰው እኔው ነኝ።

ሰው ፍጥነትን የሚለካበት የስሜት ሕዋስ የለውም። የውስጠኛው ጆሮአችን የሚያውቀው ለውጥን ነው፤ ስትፈተለክ፣ ስትፈርን፣ ስትዞር ይነግርሃል። ፍጥነቱ ከረጋ በኋላ ግን ዝም ይላል፤ በ60 የረጋም በ160 የረጋም ለእርሱ አንድ ነው። ስለዚህ አእምሮ ከሌላ ምልክት እየለቃቀመ ይገምታል፦ ከሞተሩ ጩኸት፣ ደረትን ከሚገፋው ነፋስ፣ ከእጀታው ንዝረት፣ በዓይን ጠርዝ ወደ ኋላ ከሚፈስሰው ዛፍና ምሰሶ። ያ የድሮው 250 ሲሲህ በ110 ላይ ምን ይመስል እንደነበር አስታውስ። ይጮኻል፤ መስታወቱ ተንቀጥቅጦ ከኋላህ ያለው መኪና ሁለት ሆኖ ይታይሃል፤ የእግር ማሳረፊያው ንዝረት በጫማህ አልፎ የእግርህን መዳፍ ያሳክክሃል። ሁሉም በአንድ ድምፅ «በቃህ» ይሉሃል። የአሁኑ ደግሞ በዚያው በ110 ላይ፣ በስድስተኛ ማርሽ፣ በደቂቃ ከአምስት ሺህ ዙር በታች እያንጎራጎረ ነው። ከ13 ሺህ ዙር ገደማ የሚደርስ ሞተር ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። በመጀመሪያ ማርሽ ብቻ ከ130 በላይ የሚያስኬድ፣ ከቆመበት ተነስቶ መቶ ለመግባት ሦስት ሰከንድ ገደማ የሚበቃው ነገር ላይ ነው የተቀመጥከው። የነፋስ መከላከያው ነፋሱን ከደረትህ ላይ ያነሳልሃል፤ ጥሩ ሄልሜት ጩኸቱን ያለዝበዋል፤ ሰፊ መንገድ ዛፉን ከዓይንህ ያርቀዋል። ገንዘብ ያወጣህበት ምቾት ሁሉ መረጃ እየነጠቀህ ነው።

አምራቾቹስ አይቆጣጠሩትም? ትል ይሆናል። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ሃያቡሳን ባወጣ ጊዜ ከ300 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የሚሄድ ሞተር ሳይክል በሱቅ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ ትልልቆቹ አምራቾች ፉክክሩን ለማብረድ ተስማሙና 299 ላይ ቆሙ። 299 ኪሎ ሜትር፣ ለልከኝነት ተብሎ! ከዚያ ወገን እርዳታ አትጠብቅ።

እኔን ያስተማረኝ ከፈጣን መንገድ የሚያስወጣ አንድ ኩርባ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል በ140 አካባቢ ስሄድ ቆይቼ ወደ መውጫው ገባሁ። ነዳጅ መስጫውን ለቀቅኩ፣ ፍሬን ጫን አደረግሁ፣ ሁለት ማርሽ ቀነስኩ። የቆምኩ እስኪመስለኝ ድረስ ሁሉም ነገር ዘገየ። በዚያች ሰዓት «ስንት ላይ ነህ?» ብትለኝ 60 ብዬ እምልልህ ነበር። መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር ሞተር ሳይክሉ አልታጠፍ አለኝ። ዓይኔ ለቅጽበት ወደ ታች ወረደ፤ 94 ይላል። ነጩ የጠርዝ መስመር ከፊት ጎማዬ ሥር ሾልኮ ሲያልፍ አየሁት፤ ከዚያ ጠጠር ነው። ኤቢኤሱ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው መሣሪያ፣ የፍሬን እጀታውን በሁለት ጣቶቼ ላይ ያርገፈግፈዋል፤ ጠጠሩ የሞተሩን ሆድ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይደበድበዋል። ከብረት አጥሩ ምሰሶ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ፍሪሲዮን መያዝ ስለረሳሁ ሞተሩ ጠፍቷል፤ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። የጎን መቆሚያውን ለማውረድ እግሬን ሦስት ጊዜ ልኬ ሦስቱንም ጊዜ ሳትኩት።

ያሳፈረኝ መፍጠኔ አልነበረም፤ መፍጠኔንማ አውቀው ነበር። የዘገየሁ መስሎኝ ነበር፤ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ይህ የእኔ ድክመት ብቻ እንዳልሆነ ኋላ ላይ ነው ያነበብኩት። ዓይን ለረጅም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስስ ነገር ሲያይ ይደነዝዛል። ከዚያ ፍጥነት ስትቀንስ አዲሱ ፍጥነት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታይሃል፤ በፈጠንክበት መጠንና በቆየህበት ልክ ስህተቱ ይሰፋል። የብሪታንያ መንገድ መሐንዲሶች ይህንን ስለሚያውቁ ከፈጣን መንገድ ወደ አደባባይ በሚያስገቡ አንዳንድ መንገዶች ላይ ቢጫ መስመሮችን በአግድም ይቀባሉ። ወደ አደባባዩ በቀረብክ ቁጥር በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት እየጠበበ ይሄዳል፤ ዓይንህም የፈጠንክ መስሎት እግርህን ወደ ፍሬን ይልከዋል። ዓይንን በዓይን ማታለል ማለት ይኸው ነው። በአንተ መንገድ ላይ ግን እንዲህ ዓይነት መስመር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከረጅም ፈጣን ጉዞ ስትወጣ፣ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስሜትህን እንደ ሐሰተኛ ምስክር ቁጠረውና መለኪያውን እመን።

«መለኪያውም ያጋንናል» የሚሉህ አይጠፉም። እውነት አላቸው። በብዙ አገሮች ደንብ መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት ስለማይፈቀድለት አምራቾች ትንሽ ከፍ አድርገው ይሠሩታል። የእኔ 94 ምናልባት 89 ነበረች። ኩርባው ግን ቅናሽ አላደረገልኝም።

አሁን ወደ ቁጥር ልውሰድህ፤ እኔ ከምክር ይልቅ በቁጥር ነው የደነገጥኩት። ደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ ጎማ፣ የነቃ ሰው እንበል፤ አደጋውን አይተህ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በየሰከንዱ 29 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ትቀንሳለህ፤ ይህም የጎበዝ አሽከርካሪ ፍሬን ነው። በ50 ብትሄድ በ26 ሜትር ውስጥ ትቆማለህ። በ100 ከሆነ 76 ሜትር፣ በ150 ደግሞ 150 ሜትር ያስፈልግሃል። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ሰምቶታል። ማንም የማይነግርህ ግን ይህ ነው፦ በ100 የመጣው ሰው ፈጽሞ በቆመባት ነጥብ ላይ፣ በ150 የመጣው ገና በ124 ገደማ እየበረረ ያልፋል። ሁለቱም አንድ ነገር አይተዋል፣ በአንድ ጊዜ ፍሬን ይዘዋል፤ አንደኛው እግሩን መሬት አስነክቷል፣ ሌላው ፍጥነቱን ገና መቀነስ መጀመሩ ነው። አንተ «መቶ ላይ ነኝ» ብለህ 150 ላይ ስትሆን፣ በጭንቅላትህ ያለው ርቀት የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ከሥርህ ያለው ሞተር ሳይክል የሁለተኛው።

ኤቢኤስና ጎማ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው መሣሪያ ያድኑኛል እንዳትል። ጥሩ ናቸው፤ እኔንም በጠጠሩ ላይ ከመውደቅ ያዳነኝ ኤቢኤስ ሳይሆን አይቀርም። ግን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ጎማው ካለው መጨበጫ በላይ የሚሰጥህ ኮምፒውተር የለም።

ፍጥነትህን የሚስተው ሌላም ሰው አለ፤ ከፊትህ ሊታጠፍ የቆመው የመኪና አሽከርካሪ። ትንሽ ነገር ሲመጣ ከትልቁ ይልቅ ዘግይቶ የሚደርስ ይመስላል። አንድ መብራትና ጠባብ አካል ይዘህ በ90 ስትመጣ እርሱ የሚያየው ነጥብ ነው፤ ነጥቧ የምታድገው ደግሞ በመጨረሻው ቅጽበት ነው። «ከየት መጣ?» ሲል ብዙ ጊዜ አይዋሽም። አይቶሃል፤ ያላየው ፍጥነትህን ነው። አንተም አታውቀው፣ እርሱም አያውቀው፤ መገናኛው ላይ ማን ቀርቶ ያስላው?

ስለዚህ በባዶ ሰፊ መንገድ ላይ ካለው 150ህ ይልቅ፣ 50 በተፈቀደበት ላይ «60 ገደማ ነኝ» ብለህ የምትሄደው 80 ያስፈራኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአሜሪካዊው ተመራማሪ የሃሪ ኸርት ጥናት በሎስ አንጀለስ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። ከአደጋዎቹ ግማሽ ያህሉ ሲጀምሩ ፍጥነቱ ከ48 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይበልጥም ነበር። ሰው የሚሰበረው 299 ላይ ብቻ ይመስለናል፤ አብዛኛው የሚሰበረው ግን በየዕለቱ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው።

ምን ታድርግ? እኔን የጠቀመኝ አንድ ልምምድ ነው፤ ሌላው ተጨማሪ ነው። መለኪያውን ከማየትህ በፊት ግምትህን በሄልሜትህ ውስጥ ጮክ ብለህ ተናገር። «ሰባ!» በል፤ ከዚያ ተመልከት። በልብህ ብቻ ከገመትክ፣ ቁጥሩን ስታይ «እኔም ይህን አስቤ ነበር» ብለህ ራስህን ትሸነግላለህ። አፍህ ከተናገረ ማምለጫ የለህም። በየጉዞው አሥር ጊዜ አድርገው፦ ከኩርባ በፊት፣ ደርበህ ካለፍክ በኋላ፣ ከተማ ስትገባ። ቤት ስትደርስ በስንት እንደሳትክ ጻፍ። የእኔ የመጀመሪያ ሳምንት መዝገብ የሚያሳፍር ነበር፤ ሁልጊዜም የምስተው ወደ ታች ነበር፣ በተለይ ደርቤ ካለፍኩ በኋላ። ደርበህ ስታልፍ እጅህ የከፈተውን ነዳጅ መስጫ መመለስ ትረሳለህ፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው ነገሩ።

ከተማ ውስጥ በዝቅተኛ ማርሽ ሂድ። በሁለተኛ ማርሽ 50 ላይ ስትሆን ሞተሩ ድምፁን ያሰማሃል፤ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅም ወዲያው ይይዝልሃል። በአራተኛ ማርሽ 50ም 80ም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። ማርሽ ለመቀየር የሚያስታውሰው መብራት የሚበራበት የሞተር ዙር የሚስተካከል ከሆነም ዝቅ አድርገህ ሙላው፤ እኔ የእኔን የሞላሁት በሁለተኛ ማርሽ ከ60 ስወጣ እንዲበራ አድርጌ ነው። የጆሮ መድፈኛን በተመለከተ ግን አትተወው። የነፋሱ ጩኸት ለሰዓታት ሲቆይ ጆሮ ይጎዳል፤ በመድፈኛው ምክንያት ያጣኸውን የፍጥነት ምልክት ከመለኪያው ውሰድ። ከሌሎች ጋር በቡድን ስትሄድ ደግሞ ስሜትህን ፈጽሞ አትመን። ሁሉም በአንድ ፍጥነት ሲሄዱ ከጎንህ ያለው ሰው የቆመ ይመስላል፤ በዚያ ላይ ከፊት ያለውን ላለማጣት ስትል ዓይንህን ከጀርባው አትነቅልም።

ስለ መሸጡ፦ አሁን አትሽጠው። ለአንድ ወር ኃይሉን ወደሚቀንሰው የዝናብ አነዳድ ቀይረውና ግምትህን እየጻፍክ ንዳ። በወሩ መጨረሻ ስህተትህ ከ10 በታች ከወረደ ቀጥል። አሁንም በ30 እና በ40 የምትስት ከሆነ፣ ወይም ስህተትህን ስታይ ደስ የሚልህ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሽጠው። የሁለተኛውን መልስ ከአንተ በቀር ማንም አያውቅም፤ ለእኔም አትንገረኝ።

እኔ አሁንም እገምታለሁ። ባለፈው እሑድ ከፈጣን መንገድ ወጥቼ ወደ መኖሪያ ሰፈር ስገባ «ሃምሳ!» ብዬ ጮኽኩ። መለኪያው 63 ይል ነበር።