የጓሮ አትክልትን ከወፍና ከክሽክሽ መጠበቅ

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በጓሮዬ የተከልኩትን የጎመን ችግኝ ወፎች በለጋነቱ እየለቀሙ፣ የተረፈውንም ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) እየወረረ አስቸገረኝ፤ መርዝ ሳልረጭ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለወፍ ከሁሉ የሚሻለው መረብ ነው፤ ይሁን እንጂ መረቡ በቅጠሉ ላይ ከተኛ ወፎቹ በቀዳዳው አሳልፈው ስለሚለቅሙ፣ በጎበጡ እንጨቶች ላይ ከፍ አድርገው ይወጥሩት፤ ወፍ ሾልኮ ገብቶ እንዳይጠላለፍም ጠርዙን በድንጋይ ይጫኑት። ማስፈራሪያ ማቆም የሚሠራው ወፎቹ እስኪለምዱት ድረስ በመሆኑ ብዙም አልተማመንበትም።

ክሽክሽ ከደሴ ይልቅ ሞቃት በሆነው በኮምቦልቻ ፈጥኖ ይራባል። የሚሸሸገው በቅጠሉ ጀርባ ስለሆነ፣ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ፀሐይ ሳይበረታ ጀርባውን ያርሱት፤ ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ ይድገሙት። በጎመኑ ላይ የሚያገኟትን ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ግን እባክዎ አይግደሏት፤ እርሷም እጮቿም ክሽክሹን ይበላሉ።