የአቅራቢ ውል በአንድ ሲስተም፦ ስራ ያቀላል፣ ግን ክፍያው ከሱ ጋር ከታሰረ ነው

ሰላም እህቴ። አዳማ ያለሽበት ዩኒቨርሲቲ የአቅራቢዎችን ውል በሙሉ አንድ ሲስተም ላይ ሊያስገባ እንደሆነ ጽፈሽ "ስራ ያቀላል ወይስ ወረቀቱም ሲስተሙም ሁለቱም እኛው ላይ ሊወድቁ ነው" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሐዋሳ ግዥ ላይ ነው የምሰራው፣ እኛ ጋ ከተጀመረ ቆየት ብሏል፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ያቀላል፣ ግን ፋይናንስ በሲስተሙ ያልተመዘገበ ውል ላይ ክፍያ እንዳይፈጽም ማኔጅመንቱ በደብዳቤ ከወሰነ ነው። ይሄ ከሌለ ሰው መጀመሪያ በጉጉት ያስገባል፣ ከዛ ሰኔ ሲመጣና በጀት ሊዘጋ ነው ተብሎ ሁሉም ሲሯሯጥ ይተወዋል፣ ሐምሌ 1 ላይ ሲስተሙ ውስጥ ያለውና ቦክስ ፋይሉ ውስጥ ያለው አይገናኝም። እኛ ጋ የተስተካከለው የውል ቁጥር ያልተጻፈበት የክፍያ ጥያቄ ወደ ጠያቂው ክፍል መመለስ ሲጀምር ነው፣ ያኔ ማንም ሳይለመን መመዝገብ ጀመረ።

ለምን አንድ ቦታ መሆን አለበት ካልሽ ዩኒቨርሲቲ እኮ አንድ ግቢ አይደለም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን ብቻ ውሰጂ፣ ከተማው ውስጥ ዋናው ግቢ፣ ቴክኖሎጂ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ያለበት ጤና ሳይንስ አለ፣ ከከተማው ውጪ ደግሞ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም አዋዳ፣ በንሳ ዳዬ። እንደዚህ የተበታተነ ተቋም ውስጥ የካፌ ዳቦ፣ ጤፍ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ የላብራቶሪ ኬሚካል፣ የጄነሬተር ጥገና ውል በየቢሮው ከተቀመጠ አንዱ አቅራቢ አንድ ካምፓስ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ሌላው ካምፓስ ላይ ውሉ ሊታደስለት ይችላል፣ የሚያየው ሰው ስለሌለ።

ትልቁ ጥቅሙ ግን የውል ማስከበሪያው ላይ ነው፣ አቅራቢው ውሉን ባይፈጽም ዩኒቨርሲቲው የሚወስደው መያዣ ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ጠንክሪ። ብዙ ጊዜ የውሉ 10 በመቶ በባንክ ጋራንቲ (ባንኩ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በሚሰጠው የዋስትና ደብዳቤ) ወይ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይያዛል። ሲፒኦው ችግር የለውም፣ ገንዘቡ እጅሽ ነው። ጋራንቲው ግን የሚያበቃበት ቀን አለው፣ እና አቅራቢው "ዕቃው ጉምሩክ ተይዞብኛል" ምናምን ብሎ ጊዜ ሲጠይቅ ተጨማሪ ጊዜ ይፈቀድለታል፣ ውሉ ይራዘማል፣ ጋራንቲው ግን አብሮ መራዘሙን የሚጠይቅ የለም። አቅራቢው ዕቃውን ሳያመጣ ሲቀር ሕግ ክፍል ወደ ባንኩ ሲሄድ ጋራንቲው ጊዜው አልፏል፣ ዩኒቨርሲቲው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ሲስተሙ የውል ማራዘሚያ ሲገባበት አዲስ የጋራንቲ ቀን ካልተሞላ እንዳያሳልፍ አድርጉት፣ ማስጠንቀቂያውም ከአንድ ወር በፊት ለሁለት ሰው ይሂድ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ዓመት ዕረፍት ላይ ሲሆን ያልፋል።

ቀን ካነሳሁ አይቀር ካላንደሩን ከአይቲዎቹ ጋር ቀድመሽ ጨርሺ። ውሉ በኛ አቆጣጠር ይፈረማል፣ ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። አንዱ ሰራተኛ 2017 ብሎ ያስገባል፣ ሲስተሙ የፈረንጅ አድርጎ ያነበውና ገና ትናንት የተፈረመውን ውል ጊዜው አልፏል ብሎ ቀይ ያበራበታል። እንደዚህ ዓይነት የውሸት ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ደግሞ ሰው እውነተኛውንም ማየት ያቆማል። ሁለቱም አቆጣጠር ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ይታይ።

የአቅራቢ ስምም እንደዛው። አንዱ በ"ሀ" ሌላው በ"ኃ" ይጽፋል፣ አንዱ ኃ/የተ/የግ/ማ ብሎ ያሳጥራል ሌላው ሙሉውን ይዘረዝራል፣ ስትፈልጊ የድርጅቱ ውል ግማሹ ብቻ ይወጣል። መለያው ስም ሳይሆን 10 አሃዝ ያለው ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ይሁን።

ኢጂፒ (የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሲስተም) ካለን ይሄ ምን ያደርጋል የሚሉሽ ይኖራሉ። ጨረታው በኤሌክትሮኒክ መሆኑ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ዳቦው ጠዋት በሰዓቱ ደርሶ እንደሆነ፣ ግራሙ በውሉ መሰረት መሆኑን ማንም ሲስተም አያይልሽም። እሱን የሚያውቀው ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ውል በስም የሚታወቅ ባለቤት ይኑረው፣ ከተጠቃሚው ክፍል እንጂ ከግዥ አይደለም፣ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ሲቆርጥ ቁጥሩ እዛው ውሉ ላይ ይግባ፣ ጉድለት ካለም በዛው ቀን ይጻፍ። እኛ ጋ በቃል ሲነገር የነበረ ቅሬታ መጻፍ ሲጀምር ነው አቅራቢዎቹ መስማት የጀመሩት፣ የመዘግየት ቅጣትም ሲቆረጥ ክርክሩ ቀነሰ ምክንያቱም ዕቃው መቼ እንደገባ ሁለቱም ወገን ያየዋል።

የድሮውን ውል ሁሉ ስካን አድርገን እናስገባ የሚል ሀሳብ ከመጣ አትስማሙ፣ ሰው እዛ ላይ ደክሞ ዋናውን ይተወዋል። አሁን በስራ ላይ ያሉትንና የውል ማስከበሪያቸው ወይ የዕቃው ዋራንቲ ያላለቀውን ብቻ አስገቡ፣ ከምግብና ከጽዳት ጀምሩ፣ ክፍያቸው በየወሩ ስለሆነ ስህተቱ ቶሎ ይታያል። ስልጠናውንም ለግዥ ብቻ አታድርጉት፣ ሕግ ክፍል፣ ንብረት ክፍልና የካምፓስ ፋይናንሶች ከመጀመሪያው ቀን አብረው ይቀመጡ። የጋራንቲ መከታተያ ፎርሙን ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።