ጥያቄና መልስ፦ የስቴት ታክሳችሁን አስቀድማችሁ አስሉ (ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ)

ጋሽ መዝገቡ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ኤፕሪል የፌዴራሉን አዘጋጅተው የስቴቱ ዕዳ ዱብ ዕዳ የሆነባቸው ብዙ ሹፌሮች ደውለውልኝ ነበር። በዓመት አራት ጊዜ ከሚከፈለው ቅድመ ክፍያ የ2025 አራተኛው ጃንዋሪ 15 ነውና ዛሬ ማታ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የት እንደምትኖሩ እስከ ካውንቲው፣ ገቢያችሁ በደብሊው 2 (አሠሪ ታክስ ቆርጦ የሚከፍለው ደመወዝ) ነው ወይስ በ1099 (ታክስ ሳይቆረጥ የሚመጣ የግል ሥራ ገቢ)፣ ነጠላ ናችሁ ወይስ ባለትዳር።

ሌሊት ነጂ፦ ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ነጠላ፣ ኡበር ብቻ። 1099 ኬ ላይ 70,000 ይላል። በሱ ላይ ነው የምከፍለው? ኡበር የቆረጠው 16,000 ነው። 30,000 ማይል ነድቻለሁ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በ70,000 ላይ አትከፍልም። እሱ ተሳፋሪው የከፈለው እንጂ አንተ እጅ የገባው አይደለም። ኩባንያው የወሰደውን 16,000 ቀንስ። ከዚያ ማይልህን ቀንስ፤ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ነው፣ 21,000 ይሆንልሃል። የተጣራ ገቢህ 33,000 ነው። ማይሉን ከወሰድክ ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና ደግመህ አትቀንስም፣ ቶልና ፓርኪንግ ግን ለብቻ ይቀነሳሉ። ማይሉ በቀን በቀኑ ካልተመዘገበ ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ ውኃ ላይ እንደመጻፍ ነው። ሲጠየቁ በግምት የሞሉትን ማይል ማስረዳት አቅቷቸው ሙሉ በሙሉ የተሰረዘባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ቀጥል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ራስህ የምትከፍለው፣ ማለትም ለፌዴራሉ፣ 4,663 ገደማ ነው። ግማሹ፣ 2,331፣ ከገቢህ ይቀነስልሃልና 30,669 ይቀራል። ሜሪላንድ የምትነሳው ከዚህ ቁጥር ነው። ከዚህ በታች ፌዴራሉ የሚሰጥህ ቅናሽ፣ በግሉ ለሚሠራ የሚሰጠው 20 በመቶም ቢሆን፣ ሜሪላንድ ላይ አይሠራም። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ከፌዴራሉ ፎርም የመጨረሻውን ትንሽ ቁጥር ወስዶ በስቴቱ መቶኛ ያባዛል።

የሜሪላንድን ስታንዳርድ ቅናሽ 3,350 እና ለራስህ የሚሰጥህን የግል ቅናሽ 3,200 ስታወጣ 24,119 ይቀራል። ለመጀመሪያው 3,000 ታክሱ 90 ዶላር ነው፣ በቀሪው ላይ 4.75 በመቶ። ድምሩ 1,093። አላለቀም! ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ 3.2 በመቶ ይወስዳል፣ 772 ዶላር። የስቴቱና የካውንቲው በአንድ ፎርም፣ በ502፣ ስለሚከፈሉ ብዙ ሰው ካውንቲው መኖሩንም አያውቅም። ጠቅላላ 1,865፣ ለአራት ሲካፈል 466 በየክፍያው።

ሌሊት ነጂ፦ እስካሁን ምንም አልከፈልኩም።

ጋሽ መዝገቡ፦ እንግዲያው ሁሉንም ዛሬ ክፈል። ወለዱ የሚቆጠረው እስከምትከፍልበት ቀን ነው።

ቤቲ፦ እኔስ ስንት ይደርስብኛል?

ጋሽ መዝገቡ፦ የት? ከምን? ከላይ የጻፍኩትን አንብቢ እህቴ።

የአሌክሳንድሪያው፦ ያው የሌሊት ነጂ ገቢ ቨርጂኒያ ቢሆንስ?

ጋሽ መዝገቡ፦ ከ30,669 ላይ የቨርጂኒያን ስታንዳርድ ቅናሽ 8,750 እና የግል ቅናሹን 930 ቀንስ፣ 20,989 ይቀራል። ቨርጂኒያ እስከ 17,000 ድረስ 720 ትወስዳለች፣ ከዚያ በላይ 5.75 በመቶ። ወደ 949 ይመጣል። የካውንቲ የገቢ ታክስ የለም፤ የመኪና ታክሱ ግን ይጠብቅሃል። የመጀመሪያው ክፍያ ሜይ 1 ነው፣ ኤፕሪል አይደለም። ቀሪዎቹ ጁን፣ ሴፕቴምበር፣ ጃንዋሪ 15።

ዳላሴ፦ ወገኖቼ ለምን ትለፋላችሁ? ቴክሳስ ኑ። የስቴት የገቢ ታክስ ዜሮ!

እመቤት ኤም፦ የቤት ታክሱንስ ለምን አታወራም? እህቴ እዚያ ቤት ገዝታ ታክሱ ወርሃዊ ክፍያዋን አንቆ ይዟታል።

ዳላሴ፦ ተከራይ የቤት ታክስ አይከፍልም።

እመቤት ኤም፦ በኪራዩ ውስጥ ነው የሚከፍለው! አከራዩ ከኪሱ የሚሸፍን መሰለህ?

ጋሽ መዝገቡ፦ ሁለታችሁም ይበቃችኋል። ለሚዛወሩ ግን አንድ ነገር፦ በዓመቱ መሃል ከሜሪላንድ የወጣ ሰው እስከ ወጣበት ቀን ላገኘው ገቢ ለሜሪላንድ ያስገባል። ቤት ይዞ ከግማሽ ዓመት በላይ የቆየ ደግሞ እንደ ሙሉ ነዋሪ ይቆጠራል። የቴክሳስ መንጃ ፈቃድ ብቻውን ከምንም አያድንም።

ነርሷ፦ ፌርፋክስ እኖራለሁ፣ ዲሲ ሆስፒታል በደብሊው 2 እሠራለሁ። ለሁለቱም ልከፍል ነው?

ጋሽ መዝገቡ፦ ለቨርጂኒያ ብቻ። ከ1973ቱ ሕግ ጀምሮ ኮንግረስ ዲሲን ነዋሪዋ ያልሆነን ሰው ገቢ ከመቅረጥ ከልክሏታል። የዲሲ ነዋሪ አለመሆንሽን የሚያሳውቀውን ፎርም፣ ዲ 4ኤን፣ ሞልተሽ ለአሠሪሽ ስጪ። ተሳስተው ለዲሲ ከቆረጡብሽ በማስመለሻው ፎርም፣ በዲ 40ቢ፣ ታስመልሻለሽ። ግን ልብ በይ፦ ዲሲ እስክትመልስ ቨርጂኒያ አትጠብቅም፣ የራሷን በጊዜው ትፈልጋለች።

ተስፋ፦ አዲስ አበባ ቤት አከራያለሁ። ግብሩን እዚያ ከፍያለሁ። ሜሪላንድ ነኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ገቢው እዚህም ይገባል። እዚያ የከፈልከው ፌዴራሉ ላይ ይታሰብልሃል፤ ሜሪላንድ ግን የምታካክሰው ለሌላ ስቴት የተከፈለን ብቻ ነው። ዝርዝሩን ወረቀቱን ሳላይ አልነግርህም።

ሀብታሙ፦ የዘንድሮ ገቢዬ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መገመት አልቻልኩም።

ጋሽ መዝገቡ፦ ይህን በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም መገመት የለብህም። ያለፈው ዓመት የስቴት ታክስህ ስንት እንደነበር ከፎርሙ ላይ አውጣ። ሪፈንዱን ወይም ዕዳውን ሳይሆን ጠቅላላ ታክሱን። ቨርጂኒያ ከሆንክ የዚያን 100 በመቶ፣ ሜሪላንድ ከሆንክ 110 በመቶ ለአራት አካፍለህ በየክፍያው ቀን ክፈል። ገቢህ እጥፍ ቢሆን እንኳ በየክፍያው አነስተሃል ተብለህ አትቀጣም፣ ልዩነቱን ስታስገባ ትከፍላለህ። ልዩነቱን ግን ለብቻ አስቀምጥ።

ፍጹም፦ 1099 ኬ ላይ ባለው ነው ወይ የምንከፍለው?

ጋሽ መዝገቡ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተመልሷል። ከፍ በልና አንብብ።

ቤቲ፦ ሃያትስቪል፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ነጠላ፣ ሁለት ሥራ፣ ሁለቱም ደብሊው 2። ባለፈው ዓመት 900 ዶላር ዕዳ መጣብኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦ አሁን ተግባባን። ሁለቱም አሠሪዎች ያ ሥራ ብቸኛ ገቢሽ እንደሆነ አድርገው ነው የሚቆርጡት፣ ቅናሹንም ሁለቴ ሰጥተውሻል። በሁለተኛው ሥራ፣ አሠሪው የሜሪላንድን ታክስ ስንት እንደሚቆርጥ በሚነገርበት ፎርም፣ በኤምደብሊው 507 ላይ ነፃ የሚደረገውን ቁጥር ዜሮ አድርጊ፣ ተጨማሪ እንዲቆረጥ በሚለው መስመር ላይም 35 ዶላር ጻፊ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈልሽ ከሆነ በዓመት 910 ይሆናል። ነገ ጠዋት ለሥራ ቤትሽ ስጪያቸው።