ቃል የሌለው ዜማ

ጥያቄ፦ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ቃል የሌለው የአኮርዲዮን ዜማ ሰምቼ ሾፌሩን ስጠይቀው «ኃይሉ መርጊያ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሙዚቃ ሁሉ አልጥም ብሎኛል። ቀጥሎ ምን ልስማ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የሰማሽው እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ከተቀዳው ካሴት ሳይሆን አይቀርም፤ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው። ያን ጊዜ ኃይሉ እዚያው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱን በመኪናው ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

አሁን ወደ ሥሩ ውረጂ። የአለሙ አጋን በገና ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ብቻሽን አድምጪ። ያ የሚነዝር ድምፅ የሚወጣው በአሥሩ አውታሮች ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እራቴን ረስቼ ነበር።

አዝማሪ ቤት ከሄድሽ ደግሞ ከድምፅ ማጉያው ራቂና ከማሲንቆው አጠገብ ተቀመጪ። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፋተግ በቅርብ ይሰማሻል።