ጦስኝ ላይ ልትሠሪ ላልሽው፦ መጀመሪያ ዲፒፒኤቹን ፈትኚ

እህቴ፣ «ለማስተርስ ቲሲሴ የጦስኝን አንቲኦክሲዳንት አቅም ልለካ ነው፤ ዲፒፒኤች አዲስ አበባ የት ልግዛ?» ብለሻል። እኔም የተመረቅኩት በጦስኝ ነው። ዲፒፒኤች ማለት አንቲኦክሲዳንት ሲያጠፋው ሐምራዊ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚለወጥ የላብ ኬሚካል፣ ራዲካል የሚባለው ዓይነት ነው። የት ከማለትሽ በፊት የት ተቀምጦ እንደቆየ ጠይቂ።

1. ጦስኙን ከመርካቶ አትግዢ። ለሻይ አንደኛ ነው። ለቲሲስ ግን ተፈርፍሮ፣ አበባው ረግፎ ስለሚመጣ ዝርያውን ማንም አይለይልሽም። ጦስኝ የምንለው ደግሞ ሁለት ዝርያ ነው፤ ታይመስ ሺምፔሪ እና ታይመስ ሰሩላተስ። ወደ ደብረ ሲና ወጣ በይና አበባ የያዘውን ቁረጪ። ጋዜጣ መሃል አድርገሽ ዝርያውን እንዲለዩልሽ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለው ብሔራዊ ሐርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ ያለበት ቦታ፣ ውሰጂው። የቀረውን ጥላ ላይ አድርቂ።

2. ዲፒፒኤች። እዚህ ላይ ሆዴ ሙሉ ነው። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አለኝ፤ አመጣሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ኬሚካል ነጋዴ ዝቅተኛ ዋጋ ሰጠና አሸነፈ። ዲፒፒኤች ከብርሃን ተከልሎ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው። ሰውዬው መስኮት ሥር ካለ መደርደሪያ አነሳው፣ አቧራውን በእጁ ጠረገና ሰጠኝ። «ፍሪጅ የላችሁም እንዴ?» ስለው «ወንድሜ፣ ይሄ እርጎ አይደለም» አለኝ።

ላብ ገብቼ ሠራሁ። ውጤቱ ጉድ ነው! ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። እኔ ግን ለማወዳደሪያ የለካሁትን የቫይታሚን ሲውን ቁጥር ሳየው ጠረጠርኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ የቫይታሚን ሲ ሞለኪውል ሁለት ዲፒፒኤች ያጠፋል። ድብልቁ ውስጥ ዲፒፒኤቹ 0.1 ሚሊሞላር ከሆነ፣ ግማሹን ለማጥፋት በሚሊ ሊትር 4.4 ማይክሮግራም ገደማ ይፈልጋል። የእኔን ዲፒፒኤች ግማሹን ለማጥፋት ግን የዚያ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ቫይታሚን ሲ በቃው። ቫይታሚን ሲ በአንድ ሌሊት አይጎለብትም መቼም። ኮንትሮሉን፣ ማለትም ዲፒፒኤችና ሜታኖል ብቻውን፣ ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው ማሽን 517 ናኖሜትር ላይ ለካሁት። 1.1 አካባቢ ሊያነብ ሲገባው 0.5 አልሞላም። ራዲካሉ ሲያንስ ማንኛውም ቅጠል ጀግና ይመስላል። አይሲ 50፣ ማለትም ግማሹን ዲፒፒኤች ለማጥፋት የሚያስፈልገው መጠን፣ ዝቅ ይልና አንቺ ደስ ይልሻል፤ ፈታኙ ነው የሚይዝሽ።

ወረቀቴን ይዤ ነጋዴው ጋ ሄድኩ። «ማሽናችሁ ተበላሽቶ ነው» አለኝ፣ ስልኩን እየነካካ። ሌላ ላብ ከሚሠራ ጓደኛዬ ትንሽ ለመንኩ፣ በዚያው ማሽን ለካሁት፣ አሪፍ አነበበ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አሳየሁት። ሰውዬው ቀና ሳይል ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚለው ጠቆመኝ። አድቫይዘሬ ግን የኮንትሮሉን ንባብ በሰንጠረዥ አስገባው አሉኝ። ስመረቅ የውጭ ፈታኙ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው፤ ልቤ ሞልቶ መለስኩ።

3. ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት «ፍሪጃችሁን አሳዩኝ» በይ። ቢያኮርፉ ያኩርፉ። 1 ግራም ይበቃሻል፤ ለ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል የሚገባው 4 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ አንዱ ግራም ወደ 25 ሊትር ይሠራል። 5 ግራም ውሰጂ የሚልሽ ለኪሱ ነው። እንዲያውም ከክፍል ጓደኛሽ ጋር ተካፈሉት። ብልቃጡን በፎይል ጠቅልይ፣ በሠራሽ ቀን አዲስ በጥብጪ፣ ከቅጠሉ ጭማቂ ጋር ካደባለቅሽው በኋላ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆዪው። ጨለማ ክፍል ከሌላችሁ ቁም ሳጥን ይሆናል፤ እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው። የቅጠሉ ጭማቂ ራሱ አረንጓዴ ስለሆነ ያለ ዲፒፒኤች ለክተሽ ከንባቡ ቀንሺ። «ፀረ ካንሰር» የሚል ነገር ደግሞ ማጠቃለያሽ ላይ እንዳትጽፊ፤ ብልቃጥ ውስጥ ሐምራዊው ወደ ቢጫ ስለተለወጠ ሰው አይድንም።

4. የፎሊን ሥራም፣ ማለትም ጠቅላላ ፌኖል መለካት፣ ካለብሽ 765 ናኖሜትር ላይ ነው፣ ማወዳደሪያው ጋሊክ አሲድ። እሱንም ከዚያ ሰውዬ እንዳትገዢ። የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ኢንቦክስ ነይ።