መጀመሪያ ጎጡ፣ መርከቡ ኋላ፦ ስለ አይሪሽ ዘር ፍለጋ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአሜሪካ ናቸው፤ የጻፉልን አይሪሽ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ጋር በትዳር የተዛመዱ አንባቢዎች ናቸው። ልጆቻቸው በሐበሻው ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩና በሌላው ወገን ሦስተኛው ላይ ይቆማሉ። ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከቦስተን አቅራቢያ የጻፉ እናት፦ የባለቤታቸው ምንጅላት ፓትሪክ ሱሊቫን ይባላል፤ በ1850 ገደማ ቦስተን ገብቷል። በመርከብ መንገደኞች ዝርዝር ውስጥ ዕድሜያቸው የሚቀራረብ ስድስት ፓትሪክ ሱሊቫኖች አገኙ። የትኛውን ልያዝ ይላሉ።

አንዱንም አይያዙ። አሜሪካ ከ1820 ጀምሮ የመርከብ አዛዦች የመንገደኞቻቸውን ዝርዝር እንዲያስረክቡ ታስገድድ ነበር፤ የ1850 ዝርዝር ግን የሚነግርዎ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራና አገር ነው። ሥራው «የቀን ሠራተኛ»፣ አገሩ «አየርላንድ»፤ በቃ። የአባት ስም የለም፣ መንደር የለም። በዚህ ተመርቶ ከስድስት አንዱን መምረጥ ዕጣ መጣል ነው። ሰውየው ከስድስቱም ላይሆን ይችላል። በዚያ ዘመን ወደ ካናዳ የሚሄደው መርከብ ርካሽ ስለነበር ብዙዎች ኩቤክ ወይም ሴንት ጆን ወርደው ወደ ቦስተን የዘለቁት በሌላ መንገድ ነው፤ የኩቤክ ዝርዝር ደግሞ በወጉ ተጠብቆ የተገኘው ከ1865 ወዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ መርከቡን ለመጨረሻ ያቆዩትና የቦታ ስም ይፈልጉ። የአየርላንድ መዝገብ የሚከፈተው በቦታ ነው። ትንሿ ቦታ ታውንላንድ ትባላለች፤ ስሟ ከተማ ይምሰል እንጂ እኛ ጎጥ የምንላት ናት፣ ጥቂት ማሳና ጥቂት ቤት። ከ60,000 በላይ ታውንላንዶች አሉ፤ አንዱ ስም በአራትና በአምስት ካውንቲ ይደጋገማል። «ከካውንቲ ኮርክ ነው» ማለት «ጎጃሜ ነው» እንደማለት ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን በዚህ ብቻ ቤቱ አይገኝም። ሱሊቫን ደግሞ በኮርክና በኬሪ በየደጁ ያለ ስም ነው።

የጎጡ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው እርስዎ ያሉበት ማሳቹሴትስ ነው። ግዛቲቱ ከ1841 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ትመዘግባለች፤ በጋብቻውና በሞቱ ወረቀት ላይ የወላጆቹን ስም ይፈልጉ። የፓትሪክ ወረቀት «አየርላንድ» ብቻ ቢል ተስፋ አይቁረጡ፤ የወንድሙን፣ የእህቱን፣ የልጆቹን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ ያውጡ። አንዱ ጸሐፊ የዘለለውን ሌላው ጽፎታል። ቀጥሎ የተጋባበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ አለ፤ ካህኑ አንዳንዴ የትውልድ ሰበካውን ጽፏል። ከዚያ የመቃብር ድንጋዩ፦ አይሪሾች «የእገሌ ሰበካ ተወላጅ» ብለው ማስቀረጽ ይወዱ ነበር። ፓይለት የተባለውን የቦስተን ካቶሊክ ጋዜጣም አይርሱ። ከ1831 እስከ 1921 የጠፉ ዘመዶች ማፈላለጊያ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፤ ወንድሟን የምትፈልግ እህት የተወለደበትን ሰበካ፣ አገር የለቀቀበትን ዓመት፣ አንዳንዴም መርከቡን ትጠቅሳለች። የዜግነት ወረቀት ላይ ብዙ አይደገፉ፤ ከ1906 በፊት የነበረው ብዙ ጊዜ ለንግሥት ቪክቶሪያ መገዛት ማቆሙን ከመግለጽ አያልፍም።

የቦታው ስም ሲገኝ አጻጻፉ የተበላሸ ይሆናል። ጸሐፊው የጻፈው ጆሮው የሰማውን ነው፤ ፀጋዬን በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት ዓይነት እንደምንጽፈው ያስቡት። ድምፁን እያሰሙ በአየርላንድ የቦታ ስሞች ዳታቤዝ ውስጥ ይፈልጉ። ከዚያ በኋላ ነው ግሪፊዝ የሚከፈተው፤ ከ1847 እስከ 1864 የታተመ የመሬትና የቤት ግምት መዝገብ ነው፣ በነጻ ይገኛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ግሪፊዝ የሚያሰፍረው ይዞታው በስሙ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ፓትሪክ በ1850 ከሄደ እሱ አይኖርበትም፤ አባቱን ወይም ወንድሙን ይፈልጉ። የኬሪና የከፊሉ ኮርክ የካቶሊክ ጥምቀት መዝገቦች ማውጫ ደግሞ በአየርላንድ መንግሥት የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ስድስቱ ፓትሪኮች ይመለሱና ከእያንዳንዱ በላይና በታች የተጻፉትን ስሞች ያንብቡ። የጎጡ ልጆች፣ በኋላ ቦስተን ውስጥ ልጆቹን ክርስትና ያነሱለት ሰዎች አብረውት ከተሳፈሩ፣ ያኔ ሰውዎን አገኙ።

ከዋሽንግተን፦ የባለቤቴ አያቶች ኦሱሊቫን ነበሩ፣ በኒው ዮርኩ የስደተኞች መግቢያ በኤሊስ ደሴት ላይ የነበረው ሹም «ኦ»ውን ቆረጠው ይባላል።

አልቆረጠም። የደሴቱ ሠራተኞች መርከቡ ይዞት የመጣውን፣ መነሻው ወደብ ላይ የተዘጋጀውን ዝርዝር እያዩ ነበር የሚጠይቁት። «ኦ» እና «ማክ» ከብዙ ቤተሰብ የወደቁት እዚያው አየርላንድ፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ነው፤ በኋላ መልሰው የቀጠሉም አሉ። ያለውንም የሌለውንም ይፈልጉ። ሰውየው የመጣው ከ1892 በፊት ከሆነ ደግሞ ኤሊስ ደሴት ገና አልተከፈተም።

ከዳላስ፦ ዲቪ ለአይሪሾች ተብሎ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። በ1990 የወጣው ሕግ ከ1992 እስከ 1994 የመሸጋገሪያ ፕሮግራም ነበረው፤ በየዓመቱ 40,000 ቪዛ፣ ከዚያ ቢያንስ 40 በመቶው ለአየርላንድ። እኛ የምናውቀው ዲቪ የቀጠለው ከዚያ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ አንዲት ሴት በአየርላንድ የ1901 ቆጠራ 54 ዓመቷ ነው፣ በ1911 ግን 70 ሆናለች። ሁለት ሴቶች ናቸው ወይስ አንዷ ዋሽታለች?

አንድ ሴት ናት፣ መዋሸቷም ያጠራጥራል። በ1908 በወጣ ሕግ ከ1909 መባቻ ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው ሰው ጡረታ መከፈል ጀመረ። አየርላንድ ውስጥ የሁሉም ሰው ልደት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነውና በዚያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ የልደት ወረቀት ያለው አልነበረም። ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ብዙ ነበር፤ ጡረታው ሲመጣ ያረጀም ብዙ ነበር። እርስዎን የሚጠቅመው ማረጋገጫው ነው። የጡረታ ሹሞቹ ስሟ በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ ውስጥ እንዲፈለግ ያደርጉ ነበር። ቆጠራው ራሱ ሰኔ 1922 ደብሊን ውስጥ መዛግብቱ የተቀመጡበት ፎር ኮርትስ የተባለው ሕንጻ ሲቃጠል አብዛኛው ጠፍቷል፤ የፍለጋ ቅጾቹ ግን ተርፈዋል። በቅጹ ላይ የወላጆቿ ስምና ጎጧ አለ። በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ይፈልጓት።

ከዚያው ከሚኒያፖሊስ፦ ታዲያ የ1861 ቆጠራስ ተቃጥሎ ነው?

አይደለም፤ የ1861ዱንና የ1871ዱን መንግሥት ራሱ አስወግዷቸዋል፣ የ1881ዱና የ1891ዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠፍተዋል። ሙሉ ሆነው ከተረፉት የመጀመሪያዎቹ የ1901ዱና የ1911ዱ ናቸው፤ በነጻ ይገኛሉ።

ከሲያትል፦ ጄምስን እፈልጋለሁ፣ መዝገቡ ግን «ያኮቡስ» ነው የሚለው። የክርስትና ስሙ ይሆን?

እንደኛ የክርስትና ስም አይደለም፤ ያው ጄምስ በላቲን ነው። ጉሊየልሙስ ዊልያም ነው፣ ዮአኔስ ጆን። ካህኑ በአንድ መስመር የሚጽፈው ቀኑን፣ የሕፃኑን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የእናቱን ስም ከነአባቷ ቤት፣ ቀጥሎ የክርስትና አባትና እናቱን ነው፤ ዕድለኛ ከሆኑ ጎጡ ዳር ላይ አለ። የእናትየዋ የቤተሰብ ስም ወርቅ ነው፤ ሁለት ጆን ሱሊቫኖች የሚለዩት በሚስቶቻቸው ነው። ሴቶቹ ላይ ይጠንቀቁ፦ እዚያ ብሪጂዳ የተባለችው አሜሪካ ስትደርስ ብሪጅት፣ ቢዲ ወይም ዴሊያ ልትሆን ትችላለች። የእጅ ጽሑፉ ካስቸገረዎ ላቲን የሚችል ሰው ያሳዩ።

ከአትላንታ፦ ኢንተርኔት ላይ ሰው ሠርቶ የጨረሰው የዘር ሐረግ አገኘሁ፣ ገልብጬ ልጠቀምበት?

አኒ ሙርን ያስታውሱ። ጥር 1 ቀን 1892 ኤሊስ ደሴት ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው የኮርክ ልጅ ናት። ለብዙ ዓመታት ቴክሳስ ሄዳ እዚያ ሞተች ሲባል ኖረ፣ የቴክሳሷ ዘሮችም በክብረ በዓሉ ላይ ይጋበዙ ነበር። በ2006 ሜጋን ስሞለንያክ የተባለች የዘር ሐረግ ተመራማሪ ስትፈትሸው የቴክሳሷ አኒ ኢሊኖይ የተወለደች ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ ከኒው ዮርክ አልራቀችም፤ በ1924 ሞታ ኩዊንስ ውስጥ ተቀብራለች። አንድ ቆጠራ ላይ የትውልድ ቦታዋን ማየት ይበቃ ነበር። ማስረጃ ያልተያያዘበትን ሐረግ እንደ ጥቆማ ይውሰዱት፣ አይገልብጡት።

ከኒው ጀርሲ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፦ የባለቤቴ ሴት አያት ኬሪ ነው የተወለደችው። የአየርላንድ ፓስፖርቱን ከወለድኩ በኋላ ተረጋግተን ብንጠይቅስ?

አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይጀምሩ! አያቱ በአየርላንድ ደሴት የተወለደች ሰው በውጭ ልደቶች መዝገብ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይችላል። ዜግነቱ ግን የሚጀምረው ከተመዘገበበት ቀን ነው። ባለቤትዎ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ከተመዘገበ ሕፃኑም መብት ይኖረዋል፤ ከተወለደ በኋላ ከሆነ ይህ መንገድ ለሕፃኑ ይዘጋል። በዋናነት የሚያስፈልገው የአያቲቱ የልደት፣ የጋብቻና ሞታ ከሆነ የሞት ወረቀት፣ የወላጁ የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ የራሱ የልደት ወረቀትና መታወቂያ ነው፤ ሁሉም የወላጆች ስም ያለበት ሙሉው ቅጂ ይሁን። በአንዱ ወረቀት ዴሊያ በሌላው ብሪጅት ከሆነች ማመልከቻው ይጓተታል፤ አንድ ሰው መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ ይጨምሩ። ሂደቱ ወራት ይወስዳልና ነፍሰ ጡር መሆንዎን ለቢሮው ያሳውቁ፤ ለእንዲህ ያለው የማፋጠን ጥያቄ ይቀበላሉ። ይህ የጋዜጣ አምድ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ሳምንት ቆንስላውን ያነጋግሩ፣ ወረቀቶቹ ካልተስማሙ የአየርላንድ ዜግነት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይያዙ።

ከቺካጎ፦ የባለቤቴ ቅድመ አያት ታይታኒክ ሊሳፈር ሲል ለጥቂት አመለጠው ይላሉ። እንዴት ላረጋግጥ?

በአየርላንዱ ወደብ በኩዊንስታውን የተሳፈሩት 123 ሰዎች ስማቸው ይታወቃል። ያመለጣቸው ግን አልተመዘገቡም፤ በየቤቱ የሚወራው ሁሉ ቢሰበሰብ ሌላ መርከብ ይሞላ ነበር።

ከሜልበርን፦ የባለቤቴ ወገን በ1849 የመጣች ወላጅ አልባ ልጅ ናት ይባላል፤ ከየት ልጀምር?

ዕድለኛ ነዎት። ከ1848 እስከ 1850 ከ4,000 በላይ ልጃገረዶች ከአየርላንድ የድሆች መጠለያዎች ወደ አውስትራሊያ ተልከዋል፤ ስማቸውም ተዘርዝሯል። ግን መጀመሪያ የቪክቶሪያ ግዛት የምትሰጠውን የሞት ምስክር ወረቀቷን ይግዙ። የወላጆቿ ስም፣ የተወለደችበት ቦታና አውስትራሊያ የኖረችበት ዓመት ብዛት የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ ቦስተን ላሉት እናት ይህ ብርቅ ነው። ዓመቱን ከሞተችበት ቀን ሲቀንሱ 1849 ከመጣ ወደ መጠለያው መዝገብ ይሂዱ። ካልመጣ ሌላ ሴት ይዘዋል።