ስሙ ከመምጣቱ በፊት ረቡዕን ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ነሽ፣ ድሬዳዋ። ለጊቢያችሁ የጉግል ዴቨሎፐሮች ክበብ፣ ማለትም ተማሪዎች ኮድና ቴክኖሎጂ ለሚማማሩበት ክበብ፣ መሪነት ማመልከት ፈልገሻል። «ከክላሱ ጎበዝ ኮደር አይደለሁም፣ ጂፒኤዬም መካከለኛ ነው፣ ይቀበሉኛል ወይ? ትምህርቴንስ አይጎዳብኝም ወይ?» ብለሻል። እኔም ድሬ ነው የተማርኩት። እንዲህ ዓይነት ክበብ አንድ ዓመት መርቻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን በሙሉ ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በእኔ ጊዜ ጉግል ዴቨሎፐር ስቱደንት ክለብስ ይባል ነበር፣ እኛ ጂዲኤስሲ ነበር የምንለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ጂዲጂ ኦን ካምፓስ ተባለ። መሪውም «ሊድ» መባሉ ቀርቶ «ኦርጋናይዘር» ሆነ። ሥራው ግን ያው ነው። የአንድ ዓመት ኃላፊነት ነው፣ ደሞዝ የለውም፣ የጉግል ሠራተኛም አያደርግሽም። ይህን ለቤተሰብሽ አስቀድመሽ አስረጂ። እናቴ ጉግል የተቀጠርኩ መስሏት ለዘመድ ሁሉ ደውላ ነበር። እውነቱን ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁት እስካሁን ይሰማኛል።

ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ጎበዝ ኮደር መሆን ግዴታ አይደለም። መሠረቱን ማወቅ አለብሽ፣ አንድ ትንሽ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርተሽ ማሳየት መቻል አለብሽ። ከዚያ በላይ ያለው ሌላ ሙያ ነው። የእኛ ባች አንደኛ ኮደር ክበቡ ውስጥ ነበር፣ መሪ ሁን ሲሉት አልፈለገም። ልክ ነበር። እሱ የሚወደው ኮዱን ነው። የመሪ ሥራ ሰው መሰብሰብ፣ ቁልፍ ማስከፈት፣ የቀረውን ልጅ ለምን ቀረህ ብሎ መደወል ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በከባዱ መንገድ ነው። እንደተመረጥኩ ትልቅ መክፈቻ አዘጋጀሁ። ፖስተሩን በካንቫ ሠራሁ፣ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ባነር ነበር፣ ኬክ ነበር፣ ቲሸርት ነበር። 180 የሚሆን ሰው መጣ። ፎቶው ዛሬም ያምራል። በሳምንቱ «ትምህርት እንጀምራለን» ብዬ ጠራሁ። 9 ልጅ መጣ። ያን ቀን ዶርም ገብቼ አለቀስኩ። ኬኩ ስላለቀ የቀሩ መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። በመክፈቻው ቀን ስለ ጉግል ብዙ አወራሁ እንጂ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚማር ለአንድም ሰው አልነገርኩም። 

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ። ረቡዕ፣ 11 ሰዓት፣ ያው የኮምፒውተር ላብ። ሚድ ፈተና ቢሆንም ረቡዕ አለ። መብራት ቢጠፋም ረቡዕ አለ፣ ውጪ ዛፍ ሥር ወጥተን በወረቀት አልጎሪዝም እንሠራለን። 4 ልጅ ቢመጣም ረቡዕ አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰው «ዛሬ አለ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ አቆመ። እንዳለ ያውቃላ! ዓመቱ ሲያልቅ በየሳምንቱ 40 የሚጠጋ ልጅ ይመጣ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 9 ልጆች 6ቱ እስከመጨረሻው ነበሩ።

ሰዓቱን ስትመርጪ ድሬን አስቢ። ቀትር ላይ አይሞከርም። ከተማው ራሱ በዚያ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ የሚያርፍ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ 30 ሰው የታጨቀበት ላብ ውስጥ ሰውም ላፕቶፕም ይግላል። ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይመጣል። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ አትንኪው። ረመዳን ሲገባ 11 ሰዓት የሚጾመውን ልጅ ከኢፍጣር ጋር ያጋጨዋል። እኛ ያን ወር ከተራዊህ በኋላ አደረግነው፣ ሳምቡሳ የሚያመጣም አልጠፋም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። በሰዓት ምርጫ ብቻ ግማሹን ተማሪ ሳታውቂ ልታስቀሪ ትችያለሽ።

ቋንቋም እንደዚያው። ስብሰባውን በአማርኛ ነው የምንመራው። ግን ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚቀልላቸው ልጆች ጥግ ይዘው ዝም እንደሚሉ አየሁ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርገን አስቀመጥናቸው፣ የገባው ላልገባው በሚቀልለው ቋንቋ እንዲያስረዳ። አንድ ፎር ሉፕ (ሥራን የሚደጋግም የኮድ ትእዛዝ) በሦስት ቋንቋ ሲብራራ የሰማሁበት ረቡዕ ከዚያ ዓመት የምወደው ቀን ነው። አቦ፣ ድሬ ማለት ይሄ ነው ያልኩት ያኔ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ግማሽ ያህሉ አባል ላፕቶፕ የለውም። ትምህርቱን ላፕቶፕ ላለው ብቻ ካዘጋጀሽ፣ የሌለው ልጅ አንዴ መጥቶ ከሰው ትከሻ ኋላ ቆሞ አይቶ ይሄዳል። ሁለተኛ አይመጣም፣ ለምን እንደቀረም አይነግርሽም። ስለዚህ በስልክ ጀምሪ። ፓይድሮይድ የሚባለው አፕ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት በፓይተን ቋንቋ ኮድ ያሠራል። እኛ ፋይሉን በዜንደር ከስልክ ስልክ አስተላለፍነው፣ የማንም ዳታ አልተቃጠለም። ቪዲዮዎቹን አንድ ልጅ በሌሊት ፓኬጅ አውርዶ በፍላሽ ያመጣ ነበር። ላፕቶፕ ያለው ከሌለው ጋር ተጣምሮ ይቀመጣል፣ ኪቦርዱን የሚነካው ግን ላፕቶፕ የሌለው ነው። ይህን ሕግ አጥብቄ ያዝኩት። አንዳንዱ ቅር አለው፣ ግድ የለም።

ለዕቃ ደግሞ ስፖንሰር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ አትጻፊ። ሁለት ዲቫይደር የሰጠን ታይዋን ገበያ ያለ ባለሱቅ ነው። አንድ አባላችን ሄዶ ምን እንደምንሠራ በቀጥታ ነገረው፣ እሱም ሰጠ።

የሚሠራ ነገር ካጣሽ ደግሞ ከተማሽን ተመልከቺ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ድሬ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ሲሰማ ነው ያደገው። አራት አባሎቻችን ከዚያ ተነስተው የውሃ ከፍታ ለክቶ በኤስኤምኤስ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ነገር አርዱይኖ በምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሠሩ። ለሶሉሽን ቻሌንጅ ነበር ያዘጋጁት። ያ ውድድር ከ17ቱ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ግቦች አንዱን መርጣችሁ በጉግል ቴክኖሎጂ መፍትሔ ሥሩ የሚል ነበር። አላሸነፉም። ከአራቱ አንዷ ግን ወንዙ ዳር ያደገች ነበረች። ያን ፕሮጀክት ስታቀርብ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ላቡ በሙሉ ዝም አለ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አፏን ከፍታ ተናግራ አታውቅም።

ስለ ማመልከቻው ባጭሩ። በዓመት አንዴ ይከፈታል፣ ቀኑን ከጉግል የክበቡ ገጽ ላይ ተከታተዪ። የጉግል ዓመትና የጊቢያችን ዓመት እንደማይገጥምም አትርሺ። እኔን አጥብቀው የጠየቁኝ ለጊቢሽ ተማሪዎች እስካሁን ምን አድርገሻል የሚለውን ነው። «ወደፊት እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል መልስ ሁሉም አለው። «ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በየሳምንቱ 7 ፍሬሽ ልጆችን ፓይተን አስጠናሁ» ብለሽ የምትጽፊ ከሆነ ግን ጂፒኤሽን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ስሙን አትጠብቂ። ረቡዕሽን አሁኑኑ ጀምሪ። ምን ላስተምር ካልሽ፣ መንግሥት የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ኮርሶች በነፃ አሉ። አብራችሁ ተመዝግባችሁ አብራችሁ ጨርሱ። ባትመረጪ እንኳ ልጆቹ ተምረዋል።

ትምህርቴን ይጎዳል ወይ? ካልተጠነቀቅሽ አዎ። እኔ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ላይ በጣም ወረድኩ። ሁሉንም ራሴ ስለምሠራ ነበር። ፖስተሩ የኔ፣ ደብዳቤው የኔ፣ ትምህርቱም የኔ። በሁለተኛው ሴሚስተር አራት ሰው መረጥኩ። ሥራውን ስሰጥ በሙሉ ሰጠሁ፣ ተመልሼ አላረምኩም። ጂፒኤዬ ተመለሰ። አንቺ ጊዜሽም ጥሩ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ከመራሽ፣ ጂሲ (ተመራቂ) ስትሆኚ ለፕሮጀክትና ለኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ጊዜ ይኖርሻል። ኤግዚት ኤግዛም ከ2015 ጀምሮ መጥቷል፣ 50 ካልመጣ ዲግሪው አይሰጥም። ጂሲ ሆኖ መምራትን ለማንም አልመክርም።

ሥራውን ከምታካፍያቸው ልጆች አንዷን ወይም አንዱን ደግሞ ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ ለመተካት አዘጋጂ። ብዙ የጊቢ ክበብ የሚሞተው መሪው የተመረቀ ቀን ነው። የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤትነት፣ የደብዳቤ ግልባጩ፣ የላብ ቴክኒሺያኑ ስልክ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው ጋር ይሄዳል። እኔ ከመጋቢት በኋላ ረቡዕን ራሴ አልመራሁም። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዝም ማለት በጣም ከብዶኝ ነበር፣ ግን አደረግኩት። አሁንም ረቡዕ 11 ሰዓት ላብ ውስጥ ሰው አለ፣ እኔን የማያውቁ ልጆች።

ላቡን ማስፈቀድ ቀላል ነው። ለዲፓርትመንት ሄድ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ። ቀን፣ ሰዓት፣ የሰው ብዛት፣ ቁልፉን ማን ተረክቦ ማን እንደሚመልስ። ድሬ ላይ ሁላችንም «አንተ፣ አንቺ» ብንባባልም ቢሮ ስትገቢ አንቱታውን አትርሺ። ደብዳቤውን በእጅሽ ስጪ፣ በማግሥቱ ተመልሰሽ ጠይቂ። የድሮው ደብዳቤዬ አሁንም ስላለኝ፣ ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።